የጥርስ ሐኪምን ስለ መፍራትና ፍርሀቱ ስለሚቀነስበት መንገድ

ዓይኑን የታመመ ሰው በማግሥቱ ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ እግሩ የተሰበረም ሰው በቃሬዛ ተይዞ ይወሰዳል፤ ጥርሱን የታመመ ሰው ግን ጉንጩን በሻሽ አስሮ፣ ቅርንፉድ ነክሶ፣ «ነገ ይሻለኝ ይሆናል» እያለ ሳምንቱን በሳምንት ይተካል። ሕመሙ ጋብ ያለለት እንደ ሆነ ዳንሁ ብሎ ይረሳዋል፤ ሲመለስበትም እንደ ቀድሞው ይታገሣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁልጊዜ በገንዘብ እጦት ወይም በሥራ ብዛት አይደለም። በከተማ ተቀምጠው፣ ደመወዝ እየተቀበሉ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ባለበት መንገድ በየቀኑ እያለፉ ጥርሳቸው አንድ በአንድ የሚያልቅባቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህን የሚያስቀራቸው ፍርሀት ነው። በዚህ ወር ስለዚሁ ፍርሀት፣ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ምን ያህል እንደሚጎዳና በምን ዘዴ እንደሚቀነስ ያለንን አሳብ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው፣ የጥርስ ሐኪምን መፍራት ነውር አለመሆኑ ነው። በጦር ሜዳ ያልደነገጠ ጎልማሳ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ይህም ምክንያት አለው። አፍ የመተንፈሻና የመናገሪያ በር ነው። ሰው ተንጋሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ መናገርም ሳይችል፣ ዓይኑ የማያየውን ሥራ ሌላ ሰው በአፉ ውስጥ ሲሠራ ዝም ብሎ መታገሥ ከተፈጥሮው ጋር ያጣላዋል። በዚህም ላይ ያለፈው ዘመን ወሬ ይጨመርበታል። ማደንዘዣ ባልታወቀበት ጊዜ የታመመ ጥርስ የሚነቀለው ሕመምተኛው በሰው ኀይል ተይዞ በጉጠት ነበር፤ በአውሮፓም ቢሆን ጢም ላጮችና ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ጥርስ ነቃዮች ይህንኑ ይሠሩ ነበር። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል ይባላል፤ በጥርስ ሕክምና ረገድ ግን ሳይነደፍ በወሬ ብቻ የሚደነግጠው አያሌ ነው።

ያ ዘመን አልፏል፤ ያለፈውም በራሳቸው በጥርስ ሐኪሞች ትጋት ጭምር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ስቦ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ ዊልያም ሞርተን የተባለ ሌላ የጥርስ ሐኪም በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ሕመምተኛን በኤተር አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በሐኪሞች ፊት አሳየ። ከዚያ ወዲህ አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ የሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ተገኙ። ጀርመናዊው አልፍሬድ አይንሆርን የሠራው ኖቮኬይን በ1905 ዓ.ም. በሕክምና ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግረን ሊዶኬይን የተባለውን አዘጋጀ፤ ይህም ዛሬ በጥርስ ሐኪም ቤቶች በብዛት ከሚሠራባቸው ማደንዘዣዎች አንዱ ነው። እንግዲህ ሰውን ያሠቃያል ተብሎ የሚታማው ሙያ፣ ለቀዶ ሕክምና ሁሉ የማደንዘዣን በር ከከፈቱት አንዱ መሆኑን ልናስተውል ይገባል።

ስለ ጥርስ ሕመም ብዙ ሰው የያዘው አሳብም መታረም ያስፈልገዋል። «ጥርሴን ትል በላው» ማለት በብዙ አገር የቆየ አነጋገር ነው፤ በጥንታዊት ባቢሎን ጽሑፍ እንኳ የጥርስ ትል ተጠቅሷል። ነገር ግን በጥርስ ውስጥ የሚኖር ትል የለም። በርሊን ተቀምጦ ይመራመር የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር በ1890 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት በጥርስ ላይ የቀረውን ስኳርና የእህል ትራፊ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ልባስ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ይህ ልባስ ሕመም የሚሰማው ነርቭ ስለሌለው፣ ጥርስ መቦርቦር ሲጀምር ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ጉድጓዱ ጠልቆ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲቀርብ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ይሰማዋል፤ ነርቩና የደም ሥሩ ካሉበት ሲደርስ ግን እንቅልፍ የሚነሣው ሕመም ይነሣል። ስለዚህ ጥርሱ እስኪያመው የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው የበሽታውን መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻውን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ እዚህ ላይ ነው። የዚህ ፍርሀት ክፋቱ ለራሱ ምስክር የሚያበጅ መሆኑ ነው። ጉድጓዱ ገና ትንሽ ሳለ የሄደ ሰው የተበላሸው ክፍል ተጠርጎ ይሞላለታል፤ ሥራውም አጭር ነው፤ ሕመሙም ቀላል ነው። ፈርቶ የዘገየ ሰው ግን ድዱ አብጦ፣ ከጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ይመጣል። የማደንዘዣ መርፌ ደግሞ በጤናማ ሥጋ ውስጥ ደኅና አድርጎ ይሠራል፤ ባበጠና በመረቀዘ ሥጋ ውስጥ ግን አሲድ ስለሚበዛ መድኃኒቱ ወደ ነርቩ ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል፤ ኀይሉም ይቀንሳል። ከዚህም የተነሣ የዘገየው ሰው ከሌላው ይልቅ ሊያመው ይችላል። ወደ ቤቱም ሲመለስ «እንደ ፈራሁት ነው፤ የጥርስ ሐኪም ያሠቃያል» ብሎ ይናገራል፤ ጎረቤቱም ሰምቶ ይፈራል፤ እርሱም በተራው ይዘገያል። ያሠቃየው ግን መዘግየቱ እንጂ ሐኪሙ አልነበረም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ለጥርስ ያህል በትክክል የሚሠራበት ነገር ያለ አይመስለንም።

መዘግየቱም የሚያስከትለው የጥርስ መጥፋት ብቻ አይደለም። ከታችኛው መንጋጋ ሥር የተነሣ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ወርዶ የመተንፈሻን መንገድ ሊዘጋ፣ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ከጥርስ ሕመም ጋር ከአገጭ በታች ያበጠ፣ ያተኮሰው፣ መዋጥ ወይም አፉን መክፈት ያቃተው ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ይህን የምንጽፈው አንባቢን በሌላ ፍርሀት ለማስጨነቅ አይደለም፤ መፍራት የሚገባው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለማሳየት ነው።

«የእናንተ አሳብ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጥርስ ሐኪም በየስፍራው አይገኝም፤ ዋጋውም ይከብዳል» የሚለን ይኖራል። እውነቱን ነው፤ አንክደውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍና የጥርስ በሽታ እንዳለበት አስታውቋል፤ ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ሆኖም ዋጋው የሚከብድበት ሰው ከሁሉ ይልቅ ቀድሞ መሄድ ይጠቅመዋል። ትንሽ ጉድጓድ ማስሞላት የጥርስን ሥር ከማሳከም፣ ጥርስን አጥቶም ሰው ሠራሽ ከማስተከል ይልቅ እጅግ ይቀላል። ነገርን ከሥሩ ማለትም ይኸው ነው።

አሁን ፍርሀቱ ስለሚቀነስበት ዘዴ እንናገር። «አይዞህ፤ ምንም የለም» ብሎ መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ፈሪ ሰው በተግሣጽ አይደፍርምና። የሚጠቅመው በጥቂት በጥቂቱ መለማመድ ነው።

አንደኛ፤ ምንም ሕመም በሌለበት ቀን መሄድ ይገባል። የመጀመሪያው ጉብኝት ለማስመርመር ብቻ ቢሆን፣ ሰው በትንሽ መስታወት ጥርሱን አሳይቶ፣ ወንበሩንና መሣሪያውን አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የሚቀጥለውም ጉብኝት ከወሬ ሳይሆን ራሱ ካየው ነገር ይነሣል።

ሁለተኛ፤ ፍርሀትን ለሐኪሙ መግለጥ ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ፍርሀቱንም የደበቀ እንዲሁ ነው። «እኔ እፈራለሁ፤ የሚያደርጉትን ሁሉ አስቀድመው ይንገሩኝ» ብሎ መናገር የሚያሳፍር አይደለም።

ሦስተኛ፤ ከሐኪሙ ጋር በምልክት መስማማት ነው። ሕመምተኛው ግራ እጁን ሲያነሣ ሐኪሙ ሥራውን የሚያቆም ከሆነ፣ መናገር ያልቻለው ሰው እንደ ገና ባለ ሥልጣን ይሆናል። በእጁ ማቆሚያ መኖሩን ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ ማቆም ሳያስፈልገው ይፈጽማል።

አራተኛ፤ ቀጠሮን በጠዋት ማድረግ፣ ቀኑን ሙሉ በጭንቀት ከመዋል ያድናል። ሐኪሙ ጾም እንዲመጣ ያላዘዘው ሰው ቁርሱን በልቶ፣ ጥርሱን አጽድቶ፣ የሚያምነውን ዘመድ ወይም ወዳጅ አስከትሎ ይሂድ። ለድፍረት ብሎ አረቄ መጠጣት ግን ጎጂ ነው።

አምስተኛ፤ በወንበሩ ላይ ሳሉ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያም ረዘም አድርጎ ማስወጣት የልብን ትርታ ያረጋጋል። መርፌው ሲገባ ጥቂት ቆንጠጥ እንደሚያደርግ አንሸሽግም፤ ይህ ግን በአጭር ጊዜ ያልፋል፤ ከዚያም በኋላ የሚሰማው መነካካትና መገፋት እንጂ የቀድሞው ሥቃይ አይደለም። አሁንም ያመመው ሰው እጁን አንሥቶ ተጨማሪ ማደንዘዣ መጠየቅ መብቱ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ፍርሀቱ ያላቃቀው ሰው ካለ፣ በመድኃኒት አረጋግቶ የማከም ዘዴ ስላለ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የፍርሀት ሥሩ ግን በልጅነት ይተከላልና፣ አሁን ለወላጆችና ይልቁንም ለመምህራን የምንናገረው አለን። ልጅ ሲያስቸግር «አርፈህ ካልተቀመጥህ ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል» ማለት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው አነጋገር ሐኪምን አለንጋ ያደርገዋል፤ ልጁም ሲታመም ወደ አለንጋ የሚሄድ ይመስለዋል። ፍርሀት በትምህርት እንደሚገባ ሁሉ በትምህርት ይወጣል። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1924 ዓ.ም. እንደ ጻፈችው፣ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ትንሽ ልጅ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሉ ከሩቅ እየታየው፣ ቀን በቀንም ጥቂት እየቀረበለት ሲሄድ፣ በመጨረሻ በእጁ እስከ መዳሰስ ደረሰ። መምህራንም ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። በጤና ትምህርት ጊዜ ስለ ጥርስ ሐኪም ሥራ ማስረዳት፣ ልጆቹ ሐኪምና ሕመምተኛ ሆነው እንዲጫወቱ ማድረግ፣ ቢቻልም የጥርስ ሐኪም ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ መስታወቱን እንዲያሳያቸው መጋበዝ ከብዙ ምክር ይበልጣል። በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጥርስ መሆኑንም ለወላጆች ማስታወቅ ይገባል፤ ብዙዎች የሚወልቅ መስሏቸው ይተዉታልና።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ድዱን በስለት ፈልጦ የሚወጣበት ስፍራ አለ። ከሐኪም ንጹሕ መርፌ የሚሸሽ ወላጅ ለልጁ ያልተቀቀለ ስለት መፍቀዱ እጅግ ያስገርማል። ይህ ሥራ ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉን ያመረቅዛል፣ የወደፊቱንም ጥርስ ያበላሻል፤ ተቅማጡን ግን አይፈውስም። ትኩሳትና ተቅማጥ ያለበት ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎችንም አንድ ነገር እንለምናቸዋለን። ከብዙ ዓመት ፍርሀት በኋላ የመጣን ሰው «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ብሎ መገሠጽ የሰውየውን ድፍረት ማፍረስ ነው። መጀመሪያ ተናግሮ፣ ቀጥሎ መሣሪያውን አሳይቶ፣ ከዚያ በኋላ ማድረግ፤ ይህ በ1959 ዓ.ም. ለሕፃናት የታሰበ ሥርዐት ለዐዋቂም የሚጠቅም ነው። ማደንዘዣው እስኪሠራ መታገሥም ከሙያው ክፍል እንጂ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ከሐኪሙ በፊት ግን የየራሳችን ድርሻ አለ። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙናና ቡርሽ ጥርስን ማጽዳት፣ ከረሜላንና ስኳር የበዛበትን ሻይ ማሳነስ፣ መፋቂያ የለመደም ሰው ድዱን ሳያደማ የጥርሱን ውስጥና ውጭ አዳርሶ መፋቅ ይገባዋል። አፉን በንጽሕና የያዘ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚሠራለት ነገር ጥቂት ነው፤ ጥቂት የሚሠራለትም ሰው የሚፈራው ነገር ይቀንሳል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ የቆየ ፍርሀት በአንድ ቀን ይጥፋ አንልም። ከነፍርሀቱ የሚሄድ ሰው ግን ደፋር ነው፤ ጥርሱንም ያድናል። በዚህ ወር ጥርስዎን ምንም ሳያምዎት አንድ የጠዋት ሰዓት መርጠው ቀጠሮ ያስይዙ፤ መምህር የሆናችሁም በሚመጣው ሳምንት ስለዚሁ ጉዳይ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሩ። ልጆቻችን ከእኛ የሚወርሱት ጥርስ እንጂ ፍርሀት እንዳይሆን እንትጋ።