የዩኒቨርሲቲው በር ከፈተና በፊት ይከፈት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ ሰው ሁሉ ተነጋግሮበታል። በ2017 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ናቸው፤ 8.4 በመቶ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ እውነት ነው፤ ይህንን አንክድም። ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላዩን ጥሎ የሚያስቀር መሻሻል ሊያጽናናን አይችልም። ሰሞኑን ስለ ጥያቄዎቹ ክብደት፣ ስለ መምህራን ብቃትና ስለ ትምህርት ቤቶች ደረጃ ብዙ ተብሏል። እኛን የሚያሳስበንና ሲነሣ ያልሰማነው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የእኛ አገር ልጅ ዩኒቨርሲቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እንዴት ባለ ሁኔታ ነው የሚለው።

ፈተናው ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ መደረጉን ይህ ጋዜጣ ይደግፋል። ስርቆትና ኩረጃ የፈተናውን ክብር አዋርደውት ስለነበር የትምህርት ሚኒስቴር የወሰደው እርምጃ ተገቢ ነበር። ውሳኔው ሳይታሰብ ያስከተለው ነገር ግን አለ። ከእስቴና ከስማዳ፣ ከጋይንትና ከእብናት የሚመጣ ተማሪ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ የመፈተኛ ካርዱን ጨብጦ፣ በር ላይ ኪሱ ተፈትሾ ወደ ተመደበበት ግቢ ይገባል። ከማደሪያ ወደ መፈተኛ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ምግብ ቤት በሰልፍ ይመላለሳል። ቤተ ሙከራ የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት በር አጠገብ በቀን ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በሩ ግን ተቆልፏል። ከቀናት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመለሳል። አብዛኛው ፈተናውን ስለማያልፍ ዩኒቨርሲቲን የሚያስታውሰው ያልተሳካለት ቦታ አድርጎ ነው። የአስራ ሁለት ዓመት ትምህርት ማብቂያው ይህ መሆኑ ሊያስቆጨን ይገባል።

የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ ከእርሱም ጋር የበጌምድር መምህራን ትምህርት ኮሌጅና በዞናችን በደቡብ ጎንደር ያሉት የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች፣ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው የሚገቡበት፣ በየዓመቱ ቀኑ የሚታወቅ የሳይንስ ቀን ይክፈቱ። እዚህም እዚያም በግል ተነሣሽነት የተሞከረ ነገር የለም አንልም፤ ትጉህ መምህራን መኖራቸውንም እናውቃለን። አንድ ኃላፊ ሲቀየር የሚቀር ሙከራ ግን አይበቃም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን ያስቀመጠው ስለሆነ፣ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም። የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲባል ነፃ የሕግ ምክር፣ ነፃ ሕክምና፣ ለችግረኞች የሚሰጥ የቁሳቁስ ድጋፍ ቶሎ ይታሰበናል፤ ሁሉም የሚያስመሰግን ነው። ዩኒቨርሲቲ ብቻ ያለው፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊሰጠው የማይችለው ሀብት ግን ቤተ ሙከራውና እዚያ ውስጥ የሚሠራው ሰው ነው።

የአንድ ቀን ጉብኝት ውጤት አያሻሽልም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፣ በአንድ ቀን ማንም ፊዚክስ አይማርም። ይሁንና በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ እናስብ። መምህሩ ቡሬትን በጠመኔ ይስላል፣ ተማሪው ሥዕሉን ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። የሴልን ክፍሎች ስም በቃሉ ይዘረዝራል፣ ሴል ግን አላየም። ይኸው ልጅ ከእናቱ ጓዳ ከመጣ ቀይ ሽንኩርት ላይ ስስ ልጣጭ በመቆንጠጫ አንሥቶ፣ በመስታወት ላይ ዘርግቶ፣ ጠብታ አዮዲን አድርጎ በማይክሮስኮፕ ቢያይ፣ እንደ ጡብ የተደረደሩትን ሴሎችና በየውስጣቸው ያለውን ጥቁር ነጥብ ራሱ ያገኘዋል። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ስለ ኒውክለስ ሲናገር የሚናገረው ስላየው ነገር ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ በቃል ሲሸመደድ የቆየ ትምህርት መያዣ የሚያገኘው እንዲህ ባለው ሩብ ሰዓት ነው። ደግሞም ጥያቄያችን ለ12ኛ ክፍል ብቻ አይደለም፤ በተለይ የምናስበው ከ5ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያሉትን፣ ገና የተፈጥሮ ሳይንስን ለመምረጥም ለመሸሽም ያልወሰኑትን ነው።

ወላጆች ለምን ይምጡ? በእኛ እምነት የነገሩ ግማሽ እዚህ ላይ ነው። በጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ልጁ ትምህርት ቤት ይዋል ወይስ ከብት ይከተል የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነው፤ ልጅቷ ትማር ወይስ ትዳር የሚለውም የሚቆረጠው በቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ምን እንደሚያደርግ ያላየ ወላጅ በትምህርት ላይ ተስፋ ቢቆርጥ ልንወቅሰው አይገባም። በዚህ ደጋ የብዙ ማሳ ችግር የአፈር አሲዳማነት ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም በአፈሩ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ የገብሱንም ሥር ያሳጥራል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ሥሩ ያጠረ ገብስ በውድ የተገዛ ማዳበሪያ ቢፈስስበትም የሚገባውን ያህል አይጠቀምበትም። ማረሚያው ኖራ ነው። እንግዲህ አባት ከማሳው አንድ እፍኝ አፈር በፌስታል ይዞ ይምጣ፤ የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ ከውሃ ጋር አማስሎ መለኪያውን ያስገባበት፤ ቁጥሩን አንብቦ ለአባቱ የሚነግረው ግን ልጁ ይሁን። ልጁ አሲድና ቤዝ የሚለውን ምዕራፍ በክፍል ተምሮታል፤ አባቱም የአዝመራውን መቅጨጭ ዓመታት ሲያየው ኖሯል። ሁለቱ የሚያውቁት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኝ፣ የትምህርትን ጥቅም ለማስረዳት ሌላ ቅስቀሳ አያስፈልግም።

ገበሬ በዓይኑ ካየ እንደሚቀበል ዞናችን ራሱ ምስክር ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ፎገራ ላይ ሲያስተዋውቁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሩዝ የሚመች መሆኑ በጽሑፍ ቢነገር ማን ያምን ነበር? ገበሬው በጅግና የኅብረት ሥራ ማኅበር ማሳ ላይ የበቀለውን አይቶ ተቀበለው። የጅግና ስም ኤክስ ጅግና በሚባለው የሩዝ ዝርያ ላይ ዛሬም አለ። ወረታ ደግሞ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች።

ሕዝቡ ያልያዘው ዕውቀት ግን አይሰነብትም፤ የጋፋት ታሪክ ይህን ያሳያል። ጋፋትን በኩራት የማያነሣ የደብረ ታቦር ሰው የለም፤ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚስዮናውያን ባለሙያዎችን ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ ሲያሠሩ የአገሩ ወጣቶችም ሙያውን እንዲማሩ አድርገው ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ተጎትቷል። ከዚህ ታሪክ ኩራቱን ብቻ መውሰድ ግን ጎደሎ ንባብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ሙያው በገበያና በመንደር የተበተነ፣ ሕዝቡ የያዘው ዕውቀት አልነበረም። የቤተ መንግሥት ሥራ ስለነበር ከቤተ መንግሥቱ ጋር አበቃ። በዚያው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የሆነውን እናስተያይ። ማይክል ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅና የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ ነበር፤ እኛ አገር ቢወለድ ኖሮ በሙያ ዘሩ የሚሰደብ ሰው ማለት ነው። በ1812 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለሕዝብ በከፈተው የኬሚስቱ የሃምፍሪ ዴቪ ትምህርት ላይ የመግቢያ ቲኬት አግኝቶ ተቀመጠ። በ1831 እ.ኤ.አ. ዛሬ በኃይል ማመንጫዎቻችን ሁሉ የሚሠራበትን የኤሌክትሮማግኔት ኢንዳክሽን ሕግ ያገኘው ይኸው ሰው ነው። ተቋሙ በ1825 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች የጀመረው የገና ሰሞን የሳይንስ ትምህርት እስከ ዛሬ አለ፤ ፋራዴይም ብዙ ጊዜ አስተምሮበታል።

በሀገራችንም ጅምሩ አለ። በቢሾፍቱና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያሉት የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ) ማዕከላት ተማሪዎች በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩባቸው ቦታዎች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በመስከረም 2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሕዝቡን ከሰማይ ጋር ለማስተዋወቅ ደክሟል። ነገር ግን የታች ጋይንት ተማሪ ሙዚየም ለማየት አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድበት አቅም የለውም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ፀሐይ በጎረቤታችን ላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበት ሆና ስትታይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ዝግ ነበሩ፤ የሆነውን በቅርብ ሆኖ የሚያስረዳው ያጣ ልጅ ብዙ ነው። የሚቀጥለው ዕድል ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን በሉክሶርና በየመን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን እኛም በከፊል ተሸፍና እናያታለን። ክረምት ስለሆነ ደመና ሊጋርዳት ይችላል፤ ይህም ቢሆን የብርሃኑንና የሙቀቱን መቀነስ መለካት አይከለክልም። ቀኑ ሲደርስ ከመራወጥ አሁኑኑ መዘጋጀት ይሻላል።

ከባዱ ተቃውሞ የጸጥታው ነው፤ አቅልለን አናየውም። የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ከአራት ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ እንደሆኑ ገልጿል። በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ባልተከፈቱበት ክልል ስለ ሳይንስ ቀን ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። እኛ የምናስበው ተቃራኒውን ነው። ሁለት ዓመት ከትምህርት የራቀ ልጅ ወደ ክፍል የሚመለሰው በሩ ስለተከፈተ ብቻ አይደለም፤ የሚመለስበት ምክንያትም ማየት አለበት። ሰው መሰብሰብ አደጋ አለው ቢባልም በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ከየወረዳው አጓጉዞ፣ አሳድሮና ጠብቆ የሚፈትን መንግሥት፣ ለዞኑ ልጆች አንድ የሰላም ቀን ማመቻቸት አያቅተውም ብለን እናምናለን። መንገድ ያልተከፈተላቸው ወረዳዎች ለጊዜው ቢቀሩ እንኳ የከተማውና የፋርጣ ተማሪዎች ይጀምሩ። በዚህም በዚያም ወገን ያላችሁ ሁሉ፣ ለተማሪና ለመምህር መንገድ ልቀቁ እንላለን።

ስለ በጀት የሚነሣው ጥያቄ ያን ያህል አያሳስበንም። ሽንኩርቱ ከቤት ይመጣል፣ አፈሩ ከማሳ ይመጣል፣ መሣሪያውም በእሑድ ቀን ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ነው። ዕቃ ይሰበራል ለሚሉ ኃላፊዎች፣ የተሰበረ ብልቃጥ እንደሚተካ እናስታውሳለን።

ቀንም እንጠቁማለን። ጥር 25 ቀን የመርቆሪዎስ በዓል በደብረ ታቦር ሲከበር ጉግሱን ለማየት የገጠሩ ሰው ከነቤተሰቡ ወደ ከተማ ይገባል፤ ለመጓጓዣ የተለየ ወጪ አይጠይቅም። በ2018 ዓ.ም. ዋዜማው ጥር 24 እሑድ ላይ ይውላል። ከቅዳሴ በኋላ እስከ ማታ ቤተ ሙከራዎቹ ይከፈቱ። የጸጥታው ሁኔታ ምሽቱን የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ በዚያን ዕለት ጨረቃ ሙሉ ናት፣ ጁፒተርም ገና ሲመሽ ጀምሮ ትታያለች፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቿን ማየት ይቻላል። የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ መሣሪያውን ይዞ እንዲመጣ ከወዲሁ እንጋብዛለን። የዩኒቨርሲቲው አመራር ከዞኑ ትምህርት መምሪያ ጋር መክሮ ውሳኔውን እስከ ኅዳር መጨረሻ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ እንጠይቃለን፤ መልሱንም በዚሁ ገጽ እናወጣለን።