አዋላጆች በአሻንጉሊት ለምን ይለማመዳሉ?

የአዋላጅነት ተማሪዎች በአሻንጉሊት ሲለማመዱ ቢያዩ ጨዋታ አይምሰልዎ። ሲወለድ የማይተነፍስ ሕፃን በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ የትንፋሽ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ መጀመሪያ በእርስዎ ልጅ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

በኮምፒውተር የሚሠራ ውድ አሻንጉሊት መግዛት የማይችል ትምህርት ቤት ብዙ ነው። የግድም አይደለም፤ «ኒዮናታሊ» የምትባለው ርካሽ አሻንጉሊት ውኃ ስትሞላ የሕፃን ክብደት ይኖራታል። ዋናው ጥያቄ ልምምዱ ስንቴ ይደገማል የሚለው ነው። በታንዛኒያው ሃይዶም ሆስፒታል የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻውን የማዋለጃ ክፍሉን አሠራር አልለወጠም። በሥራ ቦታ አጭር ልምምድ ቶሎ ቶሎ ሲደረግ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። (በጀት ከጠበበ እኔ የምቀንሰው የዕቃውን ዋጋ እንጂ የልምምዱን ቁጥር አይደለም።)

ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ «ለሕፃን የሚሆን አምቡ ባግ አለ? ሠራተኞቹስ በቅርቡ ተለማምደውበታል?» ብለው ቢጠይቁ ነውር የለበትም።