ሰውዬውስ ምን አለ?



ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሽ ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ማኅበራችን ቅዳሜ ማታ የአፍሪቃን ሕይወት የሚያሳዩ ፊልሞች ያሳይ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፥ አንዱ ወንድማችን ተነሥቶ «ፊልም የጠገበ ሕዝብ ጨዋታ ነው፤ የእኛ ገበሬ የሚፈልገው ማዳበሪያና መንገድ ነው» አለና ተጨበጨበለት። ሌላው ደግሞ «የረኃብና የድህነት ፊልም የአገራችንን ስም ያጠፋል፤ ካሳየን ያማረውን ብቻ እናሳይ» አለ። ለእርሱም ተጨበጨበለት። እኔ ግን ለሁለቱም አላጨበጨብሁም። ምክንያቴን እነሆ።

ክረምቱን አጅባር ወላጆቼ ዘንድ ነበርሁ። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ለጎረቤታችን ሽማግሌ ስለ 1966ቱ የወሎ ረኃብ ከተነሣው ፊልም አንድ ቁራጭ በስልኬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ተመለከቱና «የሚናገረው ማነው?» አሉኝ። «እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው» አልኋቸው። «ምን ይላል?» አሉኝ፤ ተረጐምሁላቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ቆዩና፥ «ሰውዬውስ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «የትኛው ሰውዬ?» ብላቸው፥ «ያ መሬት ላይ የተቀመጠው ነዋ! ስሙ ማነው? የየት አገር ሰው ነው?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ባየነው ቁራጭ ውስጥ ሰውዬው ስምም ቃልም አልነበረውም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ወሎ በ1965 ዓ.ም. ሲራብ መንግሥት ወሬው እንዳይሰማ ያፍን ነበር። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለተማሪው አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረኃብ» የተባለውን ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ገንዘብ ተዋጣ፥ እርዳታም መጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ፊልም የጠገበ ጨዋታ ነው ላለው ወንድሜ መልሴ ይኸው ነው፤ እህል ያስመጣና ለዙፋን መውረድ መንገድ የጠረገ ነገር ጨዋታ አይባልም። ያማረውን ብቻ እናሳይ ላለውም መልሱ እዚያው አለ፤ ስሜ እንዳይጠፋ ብሎ ረኃቡን የሸሸገ መንግሥት ሕዝቡን አስፈጀ እንጂ ስሙን አላተረፈም።

ይሁን እንጂ የሽማግሌው ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም። እንግሊዛዊው ሰውዬውን ለእርዳታ ማሰባሰቢያ አሳየው። ደርግ ለሥልጣን መያዣ አሳየው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፥ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፥ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ሌላ ፊልም ወጥቶ ዓለምን አስለቀሰ። ካሜራውን የያዘው መሐመድ አሚን ኬንያዊ ነበር፤ ተራኪው ግን የእንግሊዙ ማይክል በርክ ነበረ። እንግዲህ ካሜራውን አፍሪቃዊ ስለያዘው ብቻ ፊልሙ የአፍሪቃ አይሆንም። ባለቤቱ የሚታወቀው በውስጡ የሚናገረው ማን እንደሆነ ሲታይ ነው። አምባሰልና ባቲ ብሎ ለአገሩ ዜማ ቅኝት የሰጠ የወሎ ሕዝብ፥ ዓለም ያወቀው ሌላ ሰው በሚናገርለት ፊልም ነው!

ፈረንጁን ብቻ ወቅሼ ባልፍ ግን ግብዝነት ይሆንብኛል። እኛ ራሳችን በከተማ በምንሠራው ፊልም ባላገሩ ስንት ጊዜ ነው ለመሳቂያ ብቻ ብቅ የሚለው? አነጋገሩ ይቀለድበታል፥ መንገድ ሲሻገር ይደናገጣል፥ ከዚያ ይረሳል። እኛም የገበሬ ልጆች ሆነን ሳለን አብረን እንስቃለን። ፈረንጁ አዝኖለት ዝም አሰኘው፤ እኛ ስቀንበት ዝም አሰኘነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። ኃይሌ ገሪማ በአሜሪካ የፊልም ተማሪ ሳለ፥ በ1966 ዓ.ም. አገሩ በለውጥ ስትናጥ፥ በዕረፍት ጊዜው መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አነሣ። እንደ እኛ ተማሪ ነበረ ማለት ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ጭሰኛው ያርሳል፥ ይደክማል፥ በገዛ አማርኛው ይናገራል፤ ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኽበታል። ተመልካቹ የሚያዝንለት ገበሬ ሳይሆን የሚያውቀው ገበሬ ያያል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጤዛ» ደግሞ ከውጭ አገር ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰን ሰው ጭንቀት ያሳያል፤ በማግሥቱ ዓመት በዋጋዱጉ ታላቁን የአፍሪቃ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። የሴኔጋሉ ዑስማን ሴምቤን በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር፤ ወገኑ ሊያነበው እንዳልቻለ ባየ ጊዜ ወደ ፊልም ዞረ። በ1968 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ማንዳቢ» በወሎፍ ቋንቋ የሚናገር ነው። ከፓሪስ የተላከለትን ገንዘብ መታወቂያ ስለሌለው መቀበል አቅቶት ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ሰው ታሪክ ነው። የእኛ ገበሬ ይህን ፊልም ቢያይ ቋንቋውን ባያውቅም የራሱን ጉዳይ አያጣውም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ማኅበራችን ቅዳሜ ማታ ነጭ አቡጀዲ ሰቅሎ እነዚህን ፊልሞች ያሳይ። ቋንቋው የማይሰማውን መምህሮቻችን ይተርጉሙልን፤ ከፊልሙም በኋላ ክርክር ይኑር።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ስንሄድ በእጃችን ባለው ስልክ አንድ ሰው፥ በፈቃዱ፥ ሥራውን ሲሠራና ሲናገር እናንሣ። ስሙ፥ መንደሩ፥ የሚያውቀው ነገር በገዛ አንደበቱ ይነገር። በድምፁ ላይ የእኛ ድምፅ አይጫንበት።

ሦስተኛ፤ ያነሣነው ሁሉ አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ሌላው በገበያ ቀን በየመንደሩ ለባለቤቱ ይታይ። ባለቤቱ «ይኼ ውሸት ነው» ካለ ይታረም።

ወጪው ጥቂት ነው። የሚጠይቀን ቅዳሜ ማታችንንና ትንሽ ትሕትና ነው። ማዳበሪያና መንገድ ያስፈልጋል፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን የሚያስፈልገውን ለመጠየቅ እንኳ ሰው መጀመሪያ መሰማት አለበት። እኚያ ሽማግሌ ዛሬም መልስ ይጠብቃሉ። በሚቀጥለው ክረምት አጅባር ስሄድ እንደገና አንገቴን መድፋት አልፈልግም።

አንድ የአጅባር ልጅ