ካርድ አለን ብላችሁ አትዝናኑ!

የዛሬው ጽሑፌ ይቅርታ መጠየቂያ ነው።

ልጅቷ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ 19 ዓመቷ። ከወራት በፊት መንገድ ላይ አስቁማኝ «እትዬ፣ ጥቁር ሰሌዳው አልታይ ብሎኛል። የእማዬ የጤና መድህን ካርድ መነጽር ያሠራል እንዴ?» አለችኝ። እኔም አዋቂ ነኝ ባይ «ታዲያ ለምን ተከፈለበት? ሂጂና አሠሪ!» አልኳት። ሁለቴ ሄዳ ሁለቴ ባዶ እጇን ተመለሰች። አንዴ በዕድሜዋ፣ አንዴ በመነጽሩ።

እናትየው ቡና ላይ አገኙኝና «አንቺ ልጅ፣ መጻፍ ከፈለግሽ ጻፊ። የማታውቂውን ግን አትምከሪ» አሉኝ። ሲኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ምን ልበል? እውነታቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ዞሬ የጠየቅኩት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አዲስ አበባ አልነበረችበትም፤ ወደኛ የመጣው በኋላ ነው። ካርዱ የሚይዘው አባትን፣ እናትንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ከዚያ በላይ የሆንን እዚያው ቤት ብንበላም ብንተኛም፣ ተጨማሪ መዋጮ ካልተከፈለልን የለንበትም። እኛ የ18 ዓመት ሻማ እፍ ስንል ስማችንም አብሮ እፍ ይላል ማለት ነው። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? የእሷ እናት ምዝገባው እስኪከፈት ጠብቀው ከፈሉላት።

ሁለተኛው ጣጣ መነጽሩ ነው። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄዶ ዓይንን መመርመር ይቻላል። የታመመ ጥርስም ይታያል። መነጽር መግዣና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን አይሸፈንም። ለደመወዝተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድህን ደንብም (በ2005 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 271) መነጽርን፣ ኮንታክት ሌንስንና አርቴፊሻል ጥርስን ከዝርዝሩ አስወጥቷል። አርቴፊሻል ጥርስ እንደ ውበት ነገር ነው የሚታየው አሉ። እስቲ የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ለሥራ ኢንተርቪው ይግባና ውበት መሆኑን ይንገሩት!

መክፈል ለማይችል ድሮ የቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ነበር። ሰው ሲታመም ሮጦ ያጽፍ ነበር። አሁን ችግረኛው አስቀድሞ ተመርጦ መዋጮውን መንግሥት ይከፍልለታል። ስለዚህ ቤታችሁ አቅም ካነሰው ጥርስ ሲቆረጥማችሁ ሳይሆን ዛሬ ወረዳ ሂዳችሁ ምርጫውና ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ካርድ ያላችሁም ዕድሳቱን አትርሱ፤ ካልታደሰ ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ አዟሪ የሚሸጠውን የማንበቢያ መነጽር ገዝታችሁ ሰሌዳ ለማየት አትሞክሩ። እሱ የቅርብ ፊደል ለሚጠፋባቸው ትልልቅ ሰዎች ነው፤ ሩቁን ጭራሽ ያደበዝዝባችኋል። ልጅቷም የጓደኛዋን መነጽር እየተዋሰች ስታደርግ ራስ ምታት ይዟት ነበር።

አሁን ተመርምራ የመነጽር ማዘዣዋን ይዛለች። ዋጋውን እኔና እናትየው እኩል ልንከፍል ተስማምተናል። ለምክሬ ቅጣት መሆኑ ነው። ቅዳሜ ፒያሳ ወርደን ፍሬም እንመርጣለን፤ እሷ ቀይ ካልሆነ ብላለች።

ሳምንት ሰው ይበለን!