"ራም ግዙልን" ከማለታችን በፊት

ዛሬ ሐሳቤን የምሰጠው ቤታቸው ኮምፒውተር ላላቸው ልጆች ነው። የሌላችሁም ግን አትለፉት፣ ነገ ይጠቅማችኋል።

በእረፍት ሰዓት ብዙ ጊዜ የምሰማው ወሬ አለ። "የኛ ኮምፒውተር በጣም ይንቀራፈፋል፣ ራም ሊጨመርበት ነው" ይባላል። ከዚያ ቤት ተገብቶ ወላጅ ይጨቀጨቃል። ወላጅ ደግሞ "ለትምህርቴ ነው" ከተባለ ከየትም ብሎ ይገዛል። የኔ አቋም ግን ይሄ ነው፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስንት ራም መጠቀም እንደሚችል ሳናይ ወላጆቻችንን ገንዘብ መጠየቅ የለብንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ምክንያቴን ላስረዳ። ራም ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ቦታ እንደሆነ በአይሲቲ ተምረናል። እያንዳንዷ የራም ባይት ደግሞ እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ አላት። አንድ ቀበሌ መዝገቡ ላይ የቤት ቁጥር የሚጽፍበት 4 ሳጥን ብቻ አለው እንበል። ከ0000 እስከ 9999፣ በድምሩ 10,000 ቤት ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ አዲስ ቤት ቢሠራ ቤቱ ቆሞ ይታያል እንጂ ቁጥር አያገኝም።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስም እንደዚሁ ነው። ሳጥኖቹ 32 ናቸው፤ በየሳጥኑ የሚገባው 0 ወይም 1 ብቻ ነው። ካልኩሌተር ይዛችሁ 32 ሁለቶችን አባዙ፤ 4,294,967,296 ይመጣላችኋል። ይህ 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ከዚህም ላይ ለስክሪን ካርድና ለሌሎች ዕቃዎች የሚያዝ አድራሻ ስላለ፣ ለኛ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ 3 ጊጋ ከምናምን ነው።

በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ለልጃቸው ብለው ከዕቁብ ብራቸው ላይ ቀንሰው 4 ጊጋ በነበረው ኮምፒውተር ላይ ሌላ 4 ጊጋ አስጨመሩ። ሻጩ ከፍቶ ሰካው፣ ብሩን ተቀበለ፣ አለቀ። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ድሮው መንቀራፈፉን ቀጠለ። በኋላ ሲታይ የተገጠመው 8 ጊጋ ይላል፤ አጠገቡ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ መጠቀም የሚቻለው 3.24 ጊጋ ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ነበራ! ያ ብር እኮ ለደብተርና ለዩኒፎርም ይሆን ነበር።

ይህን ቀድሞ ማየት 1 ደቂቃ አይፈጅም። "ማይ ኮምፒውተር" ወይም "ዚስ ፒሲ" የሚለው ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫኑና "ፕሮፐርቲስ" የሚለውን ምረጡ። "ሲስተም ታይፕ" በሚለው ፊት ለፊት 32 ወይም 64 ቢት መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። 32 ከሆነና 4 ጊጋ ካላችሁ፣ ሌላ ራም መጨመር ለውጥ አያመጣም። 64 ከሆነም የዊንዶውሱን ዓይነት እዩ። ለምሳሌ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ሆም ቤዚክ ከ8 ጊጋ፣ ሆም ፕሪሚየም ደግሞ ከ16 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ዊንዶውስ 7 ስታርተር የሚባለው ጭራሽ 2 ጊጋ ላይ ይቆማል።

"ታዲያ ራም መጨመር አይጠቅምም ልትል ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። እንደዚያ አላልኩም። 64 ቢት ሆኖ 2 ጊጋ ብቻ ላለው ኮምፒውተር 2 ጊጋ ቢጨመርለት ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ዊንዶውሱ ብቻ 32 ከሆነም መፍትሔ አለ፤ ባለ 64 ቢቱን መጫን ነው። ግን ከ32 ወደ 64 በማሻሻል ብቻ አይኬድም፣ እንደ አዲስ ነው የሚጫነው። ስለዚህ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የቤተሰብ ፎቶና የትምህርት ፋይሎች በፍላሽ ይገልበጡ። ማዘርቦርዱም የራሱ ልክ አለው። የዲዲአር 4 ራም በዲዲአር 3 ቦታ አይገባም፣ ቀዳዳው አይገጥምም። ራሙ ሳይሞላ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ወላጆች "ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው፣ ልጆች ምን አገባችሁ?" ይላሉ። መፍታትና መግጠሙ አዎ፣ የባለሙያ ነው። ማንበብ ግን የኛ ነው። ፈተና ላይ "ራም ማለት ምን ማለት ነው?" ተብሎ ቢመጣ ሁላችንም እንመልሳለን። "የቤታችሁ ኮምፒውተር ስንት ቢት ነው?" ብንባል ግን ስንቶቻችን እጃችንን እናወጣለን? ለፈተና ብቻ የተሸመደደ ትምህርት ለእናቶቻችን ኪስ አልደረሰላቸውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የአይሲቲ መምህራኖቻችን አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደው ይህን በተግባር ያሳዩን። ሁለተኛ፣ ራም ሻጮች ከመሸጣቸው በፊት "ዊንዶውሱ ስንት ቢት ነው?" ብለው ይጠይቁ፤ ወላጆችም ኮምፒውተሩ ተከፍቶ መጠቀም የሚቻለው ራም መጨመሩን ሳያዩ ብር አይክፈሉ። ሦስተኛውና ዋናው እኛን ተማሪዎችን ይመለከታል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ኮምፒውተራችሁን ከፍታችሁ እዩና ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ መግዛት ካስፈለገ ወላጆቻችሁን በማስረጃ ጠይቁ።

ሐሳቤን በዚህ አበቃሁ። የማትስማሙ ካላችሁ ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል