በሬ ተሸጦ የሚገዛው ሞተር ሳይክል

ጥርጊያ መንገድ ብቻ በደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግማሽ ቀን የእግር ጉዞን ያሳጥራል፤ የግብርና ባለሙያውን ከማሳ፣ ታማሚውን ከጤና ጣቢያ ያገናኛል። ወጣቱ በሬ ሸጦ ቢገዛው አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ስሌቱ በግዢው ዋጋ አያበቃም። በሬ በገለባና በድርቆሽ ያድራል፤ ሞተር ሳይክል ግን በየዕለቱ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። ማደያ በሌለበት ቀበሌ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንግሥት ተመን በላይ ይሸጣል፤ ባዕድ ነገር ከተቀላቀለበትም ሞተሩን ይጎዳል። ጥማዱ የጎደለበት ገበሬ ደግሞ የእርሻ ወቅት ሲደርስ መቀናጆ መፈለጉ አይቀርም።

ከሁሉ የሚከፋው የሚዘለለው ወጪ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኗል። የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የሞት ስጋትን በ40 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሆኖም ሁለትና ሦስት ሰው አፈናጥጦ ያለ ራስ ቁር መንዳት የተለመደ ነው። አንድ ግጭት የበሬውንም የሞተሩንም ዋጋ ለሕክምና ሊያስረክብ ይችላል።

ስለዚህ በሬው ወደ ገበያ ከመነዳቱ በፊት የመንጃ ፈቃድ፣ የመድንና የራስ ቁር ወጪ ከግዢው ዋጋ ጋር ሊደመር ይገባል። ድምሩ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ በሬው ከቀንበሩ ባይለይ ይሻላል።