የጣና ሞገድ ሳር ላይ ብቻ ይቅር?

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው ድብ ባሕርን ያገኛል። ስሙ ባሕር ነው እንጂ ባሕር የለበትም። ውሃው ያለው ከጎንደር በስተደቡብ ጎርጎራ ላይ፣ ጣና ነው። እዚያ ደግሞ ውሃው ተንጣሎ ተኝቶ፣ ውድድር ሲባል ሰዉ የሚያስበው ኳስ ብቻ ነው። የባሕር ዳር ከነማ ደጋፊ ቡድኑን "የጣና ሞገዶቹ" ብሎ ይጠራል፤ እውነተኛው ሞገድ ግን ከስታዲየሙ ውጪ ተወዳዳሪ አጥቷል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ አይደል?

"ወደብ የሌላት ሀገር ከሸራ ጀልባ ጋር ምን አገናኛት?" የሚል አይጠፋም። መልሱን ኦስትሪያ ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የጀልባ ውድድር ማርሴይ ላይ ሲካሄድ፣ ባሕር የማይነካት ኦስትሪያ ሁለት ወርቅ ይዛ ተመልሳለች። ላራ ቫድላው እና ሉካስ ሜር በ470 ጀልባ፣ ቫለንቲን ቦንቱስ ደግሞ በካይት። ሀንጋሪም ወደብ የላትም፤ ዞምቦር ቤሬች ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በፊን ጀልባ የብር ሜዳሊያ ወስዷል። የሀንጋሪ ትልቁ ሐይቅ ባላተን 600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከ3,000 ይበልጣል። አምስት እጥፍ! ኢትዮጵያ ግን በኦሊምፒክ የሸራ ጀልባ ውድድር አንድም ጊዜ ተሳትፋ አታውቅም።

ሁለተኛው ሰበብ "ጠዋት ጠዋት ጣና ላይ ነፋስ የለም" የሚለው ነው። ማርሴይም እኮ ነፋስ ጠፍቶ ነበር! የ49ኢር ጀልባዎች የሜዳሊያ ፍልሚያ በነፋስ እጦት ተቋርጦ ለማግስቱ ተላልፏል፤ ስፔናውያኑ ዲዬጎ ቦቲን እና ፍሎሪያን ትሪትል ወርቁን የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች የፍጻሜ ውድድሮችም በዚሁ ምክንያት ዘግይተዋል።

እንዲያውም የጀልበኛ ብልሃት የሚለየው በሽውታ ነው። በር ዘግቶ የሚከላከል ቡድንን እንደማስከፈት ትዕግስት ይጠይቃል። አራት ሜትር ከሃያ በምትረዝመው ኢልካ ጀልባ ላይ ያለው ተወዳዳሪ ወደ ፊት ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ሰፊው የኋላ ክፍል ከውሃው ትንሽ ከፍ ሲል መጎተቱ ይቀንሳላ። ጀልባዋን ወደ ሸራው በኩል በጥቂቱ ያዘነብላታል፤ ሸራው በራሱ ክብደት ቅርጹን ይይዛል። ገመዱን አጥብቆ አይስብም፣ መሪውንም ድንገት አያዞርም። ዓይኑ ሩቅ ነው፤ ውሃው ጠቆር ብሎ ሲሸበሸብ ነፋሱ የመጣው በዚያ በኩል መሆኑን ያውቃል። ጀልባዋን እያወዛወዙ ወይም ሸራውን እንደ ክንፍ እያራገቡ መሄድ በሕግ የተከለከለ ነው። የቸኮለ ይቆማል፣ የታገሰ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ስፖርት ይመስላል።

ይሄ ትዕግስት ለጣና ሰው እንግዳ አይደለም። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሯት ታንኳ ውሃ ስለምትመጥ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ወጥታ መድረቅ አለባት። ቀዛፊው ሚዛኑን ካልጠበቀ ውሃ ውስጥ ነው። ሸራ የላትም እንጂ ትምህርት ቤትነቷ ሙሉ ነው።

"የኳስ ሜዳ ሳይኖረን ጀልባ?" የሚለው ተቃውሞ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ካፍ እ.ኤ.አ. በ2021 የባሕር ዳር ስታዲየምን ካገደ በኋላ ዋልያዎቹ "የሜዳቸውን" ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርጉ ደጋፊው አይቷል። ነገር ግን ስታዲየም በቢሊዮን ብር ይሠራል፤ ሐይቅን ማንም አልሠራውም። ጣና ሳርም መቀመጫም አይፈልግም።

አጀማመሩ ግን ከታች ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በ100 ሜትር ነፃ ዋና የኢትዮጵያ ተወካይ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ መጨረሻ ሲወጣ ዓለም ስቋል። ከላይ የተጀመረ ነገር መጨረሻው ይሄ ነው። ስለዚህ ክልሉ ሰላም ሲያገኝ ጎርጎራና ባሕር ዳር ላይ መጀመሪያ ልጆቹ ዋና ይማሩ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ይሟላ። ቀጥሎ የታንኳ ውድድር በየዓመቱ ይደረግ። ከዚያ ጥቂት ያገለገሉ ባለሸራ ጀልባዎች ይምጡ። ወጪው ከአንድ የውጭ ተጫዋች ዝውውር ጋር ቢነጻጸር የሚያስፈራ አይሆንም።

ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ጣናን እየወረረ ነው። አረሙ በሸፈነው ውሃ ላይ ታንኳም ጀልባም አይሄድም። ሐይቁን በየሳምንቱ የሚወዳደርበት ወጣት ካለ፣ አረሙን ቀድሞ አይቶ የሚጮኸው እሱ ነው። ደጋፊ ለሜዳው እንደሚቆረቆር ሁሉ ጣናም ደጋፊ ይፈልጋል።

አፄዎቹ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወደ ጎንደር ሲያመጡ "አይሆንም" ያለው ሁሉ አፉን ይዟል። ጣናም ተራውን እየጠበቀ ነው። ነፋሱ ትንሽ ቢሆንም አለ፤ የጠፋው ሸራውን የሚዘረጋ ነው።